የእንዶዱ ሰው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ

የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል ከክፍላችን ልጆች ግማሹ ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ግማሹ ወደ በላይ ዘለቀ ሮጠ። ጎጃም ተወልዶ ሌላ ማን ይመረጣል? እኔ የመረጥኳቸው ሰው ግን ጎጃሜ አይደሉም፤ ጦር አልመሩም፣ ልብ ወለድም አልጻፉም። ስማቸውን ምናልባት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ኢንስቲትዩት በር ላይ አይታችሁት ይሆናል፤ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት።

ለምን እሳቸውን? የመጣሁት ከፍኖተ ሰላም ነው። ፍኖተ ሰላምን የሚያውቅ ሰው ላህ ወንዝን ያውቃል። በእኛ አገር ልብስ የሚታጠበው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ማንጎውና በርበሬው በመስኖ የሚለማው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ደብተሩን ጥሎ ዘሎ የሚገባው ሁሉም ወንዝ ላይ ነው። ስለ ወባ የማያውቅ የለም፤ አጎበሩም ርጭቱም አለ። ሆዱ የተነፋና ደም የሚያስቀምጠው ልጅ ሲታይ ግን ወስፋት ነው ተብሎ ይታለፋል። ብልሃርዚያ የሚባለውን ስም እኔ ራሴ የሰማሁት ለባዮሎጂ ፈተና ስሸመድድ ነው። በሽታው በአገራችን ይበልጡን የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ መሆኑን ሳነብ ደነገጥኩ። ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋና ቡሬ ሦስቱም እዚያ ውስጥ ናቸው። በአካባቢያችን ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ትሉ በልጆቹ ሆድ ውስጥ መገኘቱን መዝግበዋል።

የሰውየውን ሥራ ለመረዳት መጀመሪያ የትሉን ኑሮ ማወቅ ይጠይቃል። የብልሃርዚያ ትል ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ሰው፣ ሌላው የውሃ ቀንድ አውጣ። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባና ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር ቀንድ አውጣውን ፈልጎ ይገባበታል፣ እዚያም ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ከዚያች ትንሽ ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠሩ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ እጮች ይለቀቃሉ። እነዚህ ወደ ሰው ለመግባት ቁስል እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ደህናውን ቆዳ በስተው ይገባሉ። በመጨረሻ አንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ወንዱ ሴቷን አቅፎ ለዓመታት ይኖራሉ። ጉዳቱ ታዲያ ከትሉ ይልቅ ከእንቁላሉ ነው። ከእንቁላሉ ከፊሉ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ጉበት ውስጥ ይሰነቀራል፣ ጉበቱም ቀስ በቀስ ይጠነክራል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መሄጃ የለውም።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት ሴፕቴምበር 18 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጣሊያን ጦርነቱን ሊከፍት ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያዙ። ብዙ ሰው ሐኪም ይመስሉታል። እሳቸው ግን በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆሙ አልነበሩም፤ የበሽታ አምጪዎችን ሕይወት የሚያጠኑ ተመራማሪ ነበሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም።

1964 ላይ አድዋ ሄዱ። ሥራቸው ብልሃርዚያ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ከወንዙ እየለቀሙ ማጥናት ነበር። ወንዙን ይዘው ሲወርዱ አንድ ቦታ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ከዚያ ከፍ ብሎ ግን ቀንድ አውጣው በሕይወት አለ። በሁለቱ መካከል ምን አለ? ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። የሚያጥቡት በሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ከላይኛው ውሃ ሕያው ቀንድ አውጣ ለቅመው በዕቃ አመጡና ከአጣቢዎቹ አንዷን ትንሽ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ለመኗት። ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ያቺ ሴት ማን ነበረች? ባነበብኩት ሁሉ ስሟን ፈለግሁ፤ አጣሁት። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እያልን በምንማረው ሥርዓት ብንሄድ የዚህ ታላቅ ዜና የመጀመሪያው ማን ግማሹ ባዶ ነው። ደግሞም የእንዶድን ኃይል የምታውቀው እሷ ብቻ አልነበረችም። ቡሬ ገጠር ያለችው አያቴን ስጠይቃት፣ በልጅነቷ ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ ከብት ከሚጠጣበት በታች ወርዶ መታጠብ ግድ እንደነበረ ነገረችኝ፤ እንቁራሪቱ ሳይቀር ይሞታልና። የጣና ዓሣ አጥማጆችም ዓሣውን በብርብራ ፍሬ ያደነዝዙት ነበር። አገሬው ውሃ ውስጥ ያለን ነፍስ ምን እንደሚገድል ያውቃል። የማያውቀው ቀንድ አውጣው ከልጁ ሆድ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ነው። ዶክተር አክሊሉ ያገናኙት እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ለእኔ ትልቁ ነገራቸው ይህ ነው፣ መጠየቃቸው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እንዶዱን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። 1966 ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲመሠረት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን በደጋው አገር ስላለው ቁንጭርም ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር አጥንተዋል፤ ጥናቱ 1969 ላይ ታትሟል። ብቻ ስማቸው የተሳሰረው ከእንዶድ ጋር ነው።

እንዶድ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሳፖኒን የሚባሉ ውህዶች ናቸው፤ አረፋውን የሚያመጡትም እነሱ ናቸው። ሳፖኒን ሕዋስን የከበበው ስስ ገለፈት ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ይያያዝና ገለፈቱን ይበሳሳዋል። ጠብታ ደም ላይ ቢጨመር ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ቀንድ አውጣ ገዳዩን ውህድ ለይተው አወጡትና በዶክተር አክሊሉ ስም ለማቶክሲን አሉት። በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ የኢትዮጵያዊ አባት ስም ይኸው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በኋላ በ1980ዎቹ በስዊዘርላንድ የተገኘው ነው። ፍሬው በአልኮል ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ሳፖኒን ብዙ አይገድልም። ሁለት ቦታ ላይ የስኳር ሰንሰለት ተጣብቆበታልና ጉልበቱ ታስሯል። ፍሬው ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ግን እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ መርዙ ይነሳል። እናቶቻችን ደግሞ እንዴት ነበር የሚያደርጉት? ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው! ላቦራቶሪው ዞሮ ዞሮ የደረሰው ሙቀጫው ጋ ነው።

ከዚያ ትልቁ ሙከራ መጣ። ከ1969 እስከ 1974 በዚያችው በአድዋ፣ የከተማዋ ወንዞች በየጊዜው በእንዶድ እንዲታከሙ ተደረገ። በአምስት ዓመት ውስጥ በከተማዋ የነበረው የብልሃርዚያ ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ይህ ግማሽ መንገድ ይመስላል። የሕፃናቱን ስታዩ ግን ሌላ ነው። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ነው የወረደው። ትልልቆቹ የድሮውን ትል ይዘው ይኖራሉ፤ ሕፃኑ ግን ወንዙ ከታከመ በኋላ የተወለደ ነው። ስለዚህ ወንዙ መጽዳት አለመጽዳቱን የሚናገረው የሕፃኑ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ማስረጃ ከተያዘ በኋላ እንዶድ በየወንዙ መግባት ነበረበት ትላላችሁ። አልገባም። ዓለም አቀፍ ተቋማትና ገንዘብ ሰጪዎች በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የተሠራውን የመርዛማነት ምርመራ አልተቀበሉትም፤ ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ አልተሠራም ተባለ። ያ ደረጃ የሚገኘው ባለጠጋ አገር ነው፣ ክፍያውም የባለጠጋ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ቢጠጡት ሰውን ይጎዳል፤ የቀንድ አውጣውን እንቁላልም አያጠፋም። ሰው የሚጠጣው ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። የሚያናድደው መጠየቁ ሳይሆን መልሱ የተጎተተበት ጊዜ ነው። የሉሳካው ዓለም አቀፍ ስብሰባ 1986 ላይ ተደርጎ ምን መመርመር እንዳለበት ሲወያዩ፣ አድዋ ላይ አረፋው ከታየ 22 ዓመት አልፎ ነበር። በዚህ መሀል በገበያ የነበረው ቀንድ አውጣ ገዳይ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ የፋብሪካ ኬሚካል ነበር። ዶክተር አክሊሉ የአፍሪካ ሳይንቲስት የሠራው ሥራ ሳይንስ ሆኖ የሚቆጠረው ሌላ ቦታ ሲደገም ብቻ ነው የሚለውን ቅሬታቸውን በጽሑፍም በንግግርም ደጋግመው አሰምተዋል።

እሳቸው ራሳቸው ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠሩ፤ በኋላም ጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል አገልግለዋል። የእንዶዱን ሥራ እዚህ ሆነው ከገፉት መካከል ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ዋናው ናቸው። ስለ እሳቸው ብዙ አለመወራቱ ያሳዝነኛል። እንዶድ ሴትና ወንድ ያለው ተክል ነው፣ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። አንዱ ቁጥቋጦ ከሌላው በፍሬው ብዛትም በመርዙ ኃይልም ይለያያል። ዶክተር ለገሠ ከየቦታው የተሰበሰቡትን ዓይነቶች እያስተያዩ ከሁሉ የተሻለውን መረጡ፤ ዓይነት 44 የሚባለው እሱ ነው። 1989 ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስቶክሆልም ላይ ተቀበሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ያጋጠመው ደግሞ ቀልድ ይመስላል። አሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ጠራቸው። በዚያ ሰሞን የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል እንስሳ ወሯቸው፣ የውሃ ቧንቧ እየደፈነ አስቸግሮ ነበር። ይህ ፍጥረት የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። በእንዶድ ተሞከረ፤ ሠራ። 1993 ላይ ፓተንት ተሰጠበት፣ ዶክተር አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። ሆኖም የአገሬው ዕውቀት የማን ነው፣ አጣቢዎቹስ ድርሻቸው የት አለ የሚል ክርክር በዓለም ዙሪያ ተነሳ። ክርክሩ እስከ ዛሬ በማስተማሪያ መጽሐፍት ውስጥ ይጠቀሳል። እኔ ከአጣቢዎቹ ወገን ነኝ።

ዶክተር አክሊሉ ኤፕሪል 5 ቀን 1997 አረፉ፤ 61 ዓመታቸው ነበር።

ከእሳቸው በኋላ ሳይንሱ ብዙ ሄዷል። የትሉ ሙሉ የዘር ቅንጣት 2009 ላይ ተነቧል፤ የደቡብ አሜሪካዋ ቀንድ አውጣ 2017 ላይ። ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በትሉ ሕዋስ ላይ የትኛውን በር እንደሚከፍት የታወቀው፣ መድኃኒቱ ለአሥርተ ዓመታት ሲሰጥ ከቆየ በኋላ 2019 ላይ ነው። ለሕፃናት የሚሆነው ዓይነትም 2023 ላይ ከአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድጋፍ አግኝቷል። በአገራችንም ክኒኑ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ልጁ በምልክት እንጨት ቁመቱ ይለካና በቁመቱ ልክ ይቆጠርለታል። ግን ክኒኑ ያደገውን ትል እንጂ ገና ሰሞኑን የገባውን በደንብ አይገድልም፣ ነገ ለሚገባውም አይከለክልም። ልጁ ክኒኑን ውጦ በዚያው ከሰዓት ወንዝ ይገባል። ለዚህም ይመስለኛል የዓለም ጤና ድርጅት 2022 ላይ ባወጣው መመሪያ ከክኒኑ ጎን ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና ቀንድ አውጣን መቆጣጠር እንዲታከል የመከረው። ለቀንድ አውጣው የሚመክረው መድኃኒት ግን ያው የፋብሪካው ኒክሎሳማይድ ነው። እንዶድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ለሚቀጥለው እትም ስለ ላህ፣ ስለ ብርና ስለ ፈጠም ወንዞች ልጽፍ አስቤያለሁ። ከእናንተ መካከል ቤተሰቡ በእንዶድ ሲያጥብ ያየ፣ ወይም በቀበሌው ፍሬው በምን ወር እንደሚለቀምና እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ካለ ሁለተኛ ዓመት ክፍል መጥቶ ይንገረኝ። የነገረኝን ሰው ስም እጽፋለሁ።