ሪቻርድ ፕራየርና ሽልማቶቹ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ለቴሌቪዥን ድርሰት የሚሰጠውን የኤሚ ሽልማት ከተቀበሉት ደራስያን አንዱ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የተባረረ ሰው ነበር፤ ይኸውም ሪቻርድ ፕራየር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሽልማቱን ያስገኘለት ለተዋናይቱ ለሊሊ ቶምሊን ከሌሎች ደራስያን ጋር ሆኖ የጻፈው ልዩ ዝግጅት ነው። ፕራየር ግን ሐውልቱን ከቤቱ አላኖረውም። ለቀድሞ አስተማሪው ለጁልየት ዊቴከር ሰጣት።

ፕራየር ዲሴምበር 1 ቀን 1940 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በፒዮሪያ ከተማ ተወለደ። ያደገው ሴት አያቱ በምታስተዳድረው የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ውስጥ ሲሆን፣ እናቱም ከዚያው ትሠራ ነበር። ሰካራሙንም፣ አታላዩንም፣ ሰባኪውንም ገና በልጅነቱ በቅርብ አያቸው። ዊቴከር በከተማው የወጣቶች ማእከል ተውኔት ታሠለጥን ስለ ነበር ይህን እረፍት የለሽ ልጅ ከመድረክ አወጣችው። የኤሚው ሐውልት ወደ እርሷ መሄዱ እንግዲህ ዕዳ መክፈል ነበር ማለት ይቻላል።

ከውትድርና ከተመለሰ በኋላ በ1963 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ የቢል ኮዝቢን ፈለግ በመከተል ማንንም የማያስቀይም ቀልድ ያቀርብ ጀመር። ቴሌቪዥንም ወዲያው ተቀበለው። ይሁን እንጂ በ1967 በላስ ቬጋስ በአላዲን ሆቴል ተመልካቹ ፊት ቆሞ ሳለ ሥራውን አቋርጦ ወረደ፤ የሚናገረው ቀልድ የእርሱ አለመሆኑ ታውቆት ነበርና። ከዚያም በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ፣ የፒዮሪያን ሰዎች በገዛ አንደበታቸው የሚያናግር ሌላ ቀልደኛ ሆኖ ተመለሰ።

ፍሬው በሸክላ ታየ። በ1974፣ በ1975 እና በ1976 ያወጣቸው ሦስት ሸክላዎች በተከታታይ የግራሚን የቀልድ ሽልማት አገኙ። ከሦስቱ ሁለቱ በአርእስታቸው ጭምር ነጮች ጥቁሮችን የሚሰድቡበትን ቃል የያዙ ነበሩ። ፕራየር ቃሉን ከተሳዳቢው እጅ ነጥቆ መርዙን አወጣለሁ ብሎ ያምን ነበር።

የሽልማቱና የፈቃዱ መራራቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በሲኒማው ታሪክ ነው። «ብሌዚንግ ሳድልስ» የተባለው የ1974 ፊልም አንድ ጥቁር በነጮች ከተማ የጸጥታ ሹም ሲሆን የሚፈጠረውን ያሳያል። ከሜል ብሩክስ ጋር ጽሑፉን ካዘጋጁት አራት ደራስያን አንዱ ፕራየር ነበር፤ ብሩክስም ሹሙን ሆኖ እንዲጫወት የፈለገው እርሱን ነው። የፊልሙ ኩባንያ ግን በአደንዛዥ ዕፅ ሱሱ ምክንያት እምቢ ስላለ ሚናው ለክሊቨን ሊትል ተሰጠ። ሥጋቱ ጨርሶ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ ሱሱ እውነተኛ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር ያንኑ ጽሑፍ ሸለመው። ቤቱን በማነጹ ተመሰገነ፣ እንዳይገባበት ግን ተከለከለ።

ቴሌቪዥኑም ከዚህ አልተሻለም። ኤን.ቢ.ሲ. በ1977 በስሙ የተሰየመ ዝግጅት ሰጥቶት የመክፈቻውን ትርኢት አስቀረበት። በትርኢቱ ፕራየር የቆዳውን ቀለም በሚመስል ጥብቅ ልብስ ራቁቱንና ሰልቦ ታይቶ፣ ለቴሌቪዥን ሲል ምንም እንዳላጣ ይናገር ነበር። ቀልዱ የታለመው በማን ላይ እንደ ሆነ ጣቢያው ሳይገባው አልቀረም። ዝግጅቱ ከአራት ጊዜ በላይ አልተላለፈም።

በ1979 ኬንያን ጎበኘ። ጥቁሮች በራሳቸው አገር የሚኖሩትን ኑሮ ካየ በኋላ፣ ያን የስድብ ቃል ዳግመኛ ላለመናገር ወሰነ። የተሸለመበትን ቃል በአደባባይ የተወ አርቲስት ብዙ አይገኝም። በሚቀጥለው ዓመት ጁን 9 ቀን በዕፅ በደነዘዘ ጊዜ ራሱን አቃጠለ፤ ከሰውነቱ ግማሽ የሚበልጠው ተቃጥሎ ከሞት ጥቂት ተረፈ። በ1982 ቃጠሎውን ራሱን ቀልድ አድርጎ በመድረክ አቀረበው፤ ከዚህም የተቀዳው ሸክላ አምስተኛውን ግራሚ አስገኘለት። አራተኛው ጥቂት ቀደም ብሎ መጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ጎረፈ። በ1983 ከኮሎምቢያ ኩባንያ ጋር የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ፤ ከፍተኛውን ዋጋ ያገኘውም ደካማ ለሆኑት ፊልሞቹ ነው። የኦስካርን ሥነ ሥርዓት በ1977ና በ1983 ከሌሎች ጋር መራ፤ ለኦስካር ዕጩ ግን ሆኖ አያውቅም።

በ1986 ነርቭን የሚያዳክመው መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው በሽታ እንዳለበት ታወቀ። በ1998 በዋሽንግተን የኬኔዲ ማእከል የማርክ ትዌይንን የቀልድ ሽልማት ሲያቋቁም የመጀመሪያው ተሸላሚ ፕራየር ሆነ። በዚያች ሌሊት ደዌ አንደበቱንም ሰውነቱንም ይዞት ነበርና፣ መድረኩን የሞሉት ከእርሱ የተማሩ ሌሎች ቀልደኞች ነበሩ።

ፕራየር ዲሴምበር 10 ቀን 2005 በልብ ድካም ዐረፈ። ግራሚ የዕድሜ ልክ ሽልማቱን የሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በመድረክ ያቀረበውን ትርኢት የያዘው የ1979 ፊልምም በ2021 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ገባ።