ሺምፐርና ጦስኝ፤ በአንድ ርእስ ወይስ በሁለት?

ሰው ሞቶ ስሙ በሌላ ነገር ላይ ሲቀር፣ ታሪኩ ከዚያ ነገር ጋር ተዳብሎ ይጻፍ ወይስ ለብቻው? ይህ ጥያቄ በቅርቡ ቂሊንጦ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ተነሥቶ ብዙ አከራከረን። ጥቂት ጓደኞቻችን ለተማሪ የሚሆን ትንሽ የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ለማዘጋጀት አስበው ርእሶችን ሲከፋፈሉ ጦስኝ ለአንዱ ደረሰው። እርሱም የጦስኝ የሳይንስ ስሙ ቲሙስ ሺምፐሪ መሆኑን ባየ ጊዜ፣ ሺምፐር የተባለውን ሰው እዚያው ሥር በሁለት መስመር እጨርሰዋለሁ አለ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ምክንያቴን ለማስረዳት አስቀድሞ የሰውዬውን ሕይወት መናገር ያስፈልጋል። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቪልሄልም ሺምፐር በ1804 በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ወንድሙ ካርል የታወቀ የዕፀዋት ሊቅ ነበረ፤ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ በ1837 ያወጣው እርሱ ነው። ቪልሄልም ግን ተቀምጦ ከመመራመር ይልቅ ተጉዞ መሰብሰብን መረጠ። በዚያ ዘመን በኤስሊንገን ከተማ አንድ የጉዞ ማኅበር ነበረ። አባሎቹ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ሩቅ አገር ሰው ይልካሉ፤ የተላከውም ሰው ዕፀዋትን አድርቆ ሲልክላቸው እንደ መዋጯቸው መጠን ይካፈሉታል። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ገንዘብ ሲናንና የዐረብን አገር ከዞረ በኋላ፣ በ1837 በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ገብቶ መኖሪያውን ዐድዋ ላይ አደረገ።

የመጣው እንደ መንገደኛ ነበረ፤ የኖረው ግን እንደ አገር ሰው ነው። የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ። የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምም የእንትጮን ወረዳ እንዲያስተዳድር ሰጡት። በዚህ ሁሉ መካከል መሰብሰቡን አላቋረጠም። ወደ ስሜን ተራሮች፣ እስከ ቧሂትና ሲልኪ ድረስ ወጥቶ ዕፀዋትን ለቀመ። የላካቸው ናሙናዎች በየአውሮፓው ከተማ ተሠራጩ። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ድረስ ስለ ሐበሻ ዕፀዋት ያሳተመውን ትልቅ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ከተገለገለባቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ የሺምፐር ነበሩ።

በ1855 ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ድል ተነሡ፤ ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሺምፐር ጌታውንም ሹመቱንም በአንድነት አጣ። ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ፣ መቅደላ ላይ ከነበሩት አውሮፓውያን መካከል እርሱም አንዱ ሆነ፤ የተለቀቀውም በሚያዝያ 1868 ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ60 አልፎ ነበረ። ሆኖም ወደ ዐድዋ ተመለሰ፤ በ1878ም እዚያው ዐረፈ። በእነዚያ የመከራ ዓመታት ስለ ዐድዋና ስለ አክሱም አካባቢ ዕፀዋትና አፈር በጀርመንኛ የጻፈው ማስታወሻ፣ ካዘጋጃቸው ካርታዎች ጋር ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ጽሑፉ በሕይወቱ ሳለ አልታተመም። በርሊን ከነበሩት የደረቁ ናሙናዎቹም ብዙዎቹ በ1943 በጦርነቱ እሳት ጠፍተዋል።

ታዲያ የእርሱ ምን ቀረ ቢባል፣ ስሙ በዕፀዋት ላይ ቀርቷል። ሰሳ የምንለው ዛፍ በሳይንስ ስሙ አልቢዝያ ሺምፔሪያና ነው፤ ለፍላጻ መርዝ የሚቀመምበትም ዛፍ የእርሱን ስም ይዟል። ለጦስኝ ይህን ስም የሰጠው ሮኒገር የሚባል ኦስትሪያዊ ነው፤ ያውም ሺምፐር ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ። እንግዲህ ሰውዬው ስለ ስያሜው የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

የጓደኛዬ ክርክር ዋዛ አይደለም። አጫጭር ርእሶች ሲበዙ አንባቢ ይበታተናል፤ አንድ የሞላ ጽሑፍ ከሁለት ጎደሎ ይሻላል ይላል። ይህ ለአንዳንዱ እውነት ነው። ለምሳሌ የኮሶ ዛፍ ሐጌንያ የተባለው በኮኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ በካርል ሐገን ስም ነው። ሐገን አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ ስለዚህ በኮሶ ርእስ ሥር አንድ መስመር ይበቃዋል።

ሌላውን ምሳሌ ከአሜሪካ ልውሰድ። በካሊፎርንያ ሙር ዉድስ የሚባል የተጠበቀ ደን አለ። መሬቱን የሰጠው ዊልያም ኬንት ነው፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1908 ደኑን ሲያስከብሩ፣ በኬንት ፈቃድ በተፈጥሮ ተመራማሪው በጆን ሙር ስም ተጠራ። የደኑ ታሪክ የኬንትና የትልልቆቹ ዛፎች ነው፤ የሙር ታሪክ ደግሞ የዮሰሚቴና በ1892 የተመሠረተው የሲዬራ ክለብ ነው። አንዱ ሌላውን ሊተርክለት ስለማይችል ሁለት ርእስ ይገባቸዋል። የእኛ ታላላቅ ፓርኮች፣ ስሜንም፣ አዋሽም፣ ባሌም፣ በአገሩ ስም ስለሚጠሩ ይህ ጥያቄ በእነርሱ ላይ አይነሣም፤ የሚነሣው እንደ ጦስኝ ባሉት ላይ ነው።

ስለዚህ መለኪያው ስም መጋራት አይደለም፤ ለየብቻው የሚነገር ታሪክ መኖሩ ነው። እንትጮና መቅደላ፣ ካርታውም፣ በጦስኝ ሥር ቢጻፉ ቦታቸው አይደለም። ጦስኝም ሺምፐር ሳይመጣ በፊት ስም ነበረው፤ በሻይና በበርበሬ የለመዱት እናቶች ስሙን ያወቁት ከእርሱ አይደለም። ሁለቱን ብናዳብል ሰውየውን ቅጥያ እናደርገዋለን፤ ተክሉንም የፈረንጅ ግኝት እናስመስለዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር። የሺምፐር ማስታወሻ በዕፀዋት የአገር ስሞች የተሞላ ነው። እነዚያን ስሞች የነገሩት፣ በተራራውም መንገድ የመሩት የአገራችን ሰዎች ግን በየትኛውም ተክል ላይ አልተጠሩም። በሁለት ርእስ ከጻፍን በአንደኛው ውስጥ እነርሱን የምናነሣበት ቦታ እናገኛለን። በሁለት መስመር ከጨረስነው ግን አስቀድመው የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። ጓደኛዬ ጦስኝን ይጻፍ፤ ሺምፐርን እኔ እወስደዋለሁ።