የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የንግድ ሚዛን

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ፣ አይከልን አልፎ ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው መንገድ ለረጅም ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነበር። ቡናውና ሰሙ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ የውጭው ጨርቅ በዚያው ይወጣል። በዚሁ መንገድ መጨረሻ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ከዘመቱት ወታደሮች አንዱ በመተማ ጦርነት ወደቀ። በዐድዋ አቅራቢያ የቀረው ልጁ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የፖለቲካ ኤኮኖሚን ትምህርት በአማርኛ ለመጻፍ ቀዳሚ የሆኑት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያ ሕፃን ናቸው።

ገብረ ሕይወት በምጽዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። ከዚያም በመርከብ ተደብቀው አውሮፓ ገቡ፤ አንድ ባለጸጋ ኦስትሪያዊ እንደ ልጁ አሳደጋቸው፤ በርሊን ላይም ሕክምና አጠኑ። አገራቸው ተመልሰው በምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በኋላም በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆኑ። በጉምሩክ ደጃፍ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ብዙ ነው።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ ወርቅና ብር ሳይሆን ሥራና ዕውቀት መሆኑን ያስረዳሉ። ክርክሩ ረቂቅ ቢመስልም በአይከል ገበያ ሊፈተን ይችላል። ገበሬው ወራት የደከመበትን ሰም ሰጥቶ፣ የውጭ አገር መኪና በጥቂት ሰዓት የሠራውን አቡጄዲ ይገዛል። ዋጋቸው በብር ሲተመን እኩል ነው፤ በድካም ሲመዘን ግን የገበሬው እጅግ ይበልጣል። ሚዛን ያጭበረበረ ነጋዴ የለም። ጉዳቱ የመጣው ከዕውቀት መበላለጥ ነው፤ በዚህም የተነሣ አንድ ሕዝብ ጥይት ሳይተኮስበት በንግድ ብቻ ነፃነቱን ሊያጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ለመሐንዲስ ነገሩ ልብ የሚባል ነው፤ መንገድና ሐዲድ ሸቀጡን ያፋጥናሉ እንጂ ይህን ልውውጥ በራሳቸው አያስተካክሉም።

ማርክስ ብዝበዛን በፋብሪካው ውስጥ፣ በከበርቴውና በወዛደሩ መካከል መረመረ። ገብረ ሕይወት ደግሞ በአገርና በአገር መካከል አዩት፤ ይኸውም አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ስለ ጥሬ ዕቃና ስለ ፋብሪካ ምርት ልውውጥ መዛባት ከመጻፉ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ሆኖም የሥርዐት መገልበጥን አልሰበኩም። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተባለው ጽሑፋቸው የጠየቁት የታወቀ ግብር፣ የተስተካከለ ጉምሩክ፣ አንድ ዓይነት ገንዘብና ትምህርት ቤት ነበር። በዕውቀት ላይ የጣሉት ተስፋ የበዛ ይመስላል፤ መኪናው ከመጣ በኋላ የማን ንብረት ይሆናል የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አላገኘም።

በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። መጽሐፉ ታትሞ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ነው።