ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የገቢና የወጪ ልክ

አንባቢ ሆይ! ለዘር የሚሆነውን እህል በበጋ በልቶ፥ ክረምት ሲገባ ከጎረቤቱ ዘር የሚበደር ገበሬ በቁይና በዙሪያዋ እንዴት እንደሚታይ ታውቃለህ። ይህ ሰው ሁልጊዜ ሰነፍ ነው አይባልም። ምናልባት ከጎረቤቱ ይልቅ ደክሞ ያረሰ ይሆናል። ጉድለቱ ግን ጎተራውን ከመክፈቱ አስቀድሞ ይህ ለዘር፥ ይህ ለግብር፥ ይህ ለቀለብ ብሎ አለመለየቱ ነው። አንተም ደመወዝ የምትቀበል ጐልማሳ ብትሆን፥ ወይም ከወላጆችህ ስንቅ ተቀብለህ በደብረ ማርቆስ የምትማር ብትሆን፥ በእጅህ ያለው ገንዘብ እንደዚያ እህል ነው። አንቺም እኅቴ እንደዚሁ ነሽ። ስለዚህ ነገር የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሕይወት ያስተምረናልና በማስተዋል አንብብ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ ማይ ምሻም በሚባል ስፍራ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ክፉ ቀን የሚባለው ታላቅ ረኃብ በአገሩ ሁሉ መጣ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፥ የሚያርስ በሬ ጠፋ፥ ባላገሩም ተሰደደ። ብላቴናው አባት አልባ ሆነው ወደ ባሕሩ አገር ሄዱና በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በጀርመን መርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው፥ በኦስትሪያ አንድ ባለጠጋ ቤተ ሰብ እንደ ልጅ ተቀብሎ አሳደጋቸው። የጀርመንን ቋንቋ ተምረው በበርሊን የሕክምና ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው ለዳግማዊ አጤ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ።

በ1904 ዓ.ም. አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የሚለው ጽሑፋቸው በአስመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ታተመ። በዚያ ውስጥ ለመንግሥቱ መታደስ ይገባል ያሏቸውን ሥራዎች ዘረዘሩ። ከእነርሱም ሁለቱን ብቻ ልንገርህ። አንደኛው፥ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ባላገሩ የሚከፍለው ግብር የታወቀ ይሁን፥ በዓይነት መሆኑም ቀርቶ በገንዘብ ይከፈል የሚል ነው። የዚህን ምክንያት አስተውል። ሁለት ኪስ በተቀላቀለ ጊዜ ምን እንደ ቀረ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም። የሚከፍለውን አስቀድሞ ያላወቀ ባላገርም ለነገ ሊያስብ አይችልም፥ የተረፈውን ማን እንደሚወስደው አያውቅምና። እንግዲህ የምክራቸው ፍሬ ሁለት ነገር ነው፤ እርሱም አስቀድሞ መለየትና አስቀድሞ መወሰን ነው።

ከዚህ በኋላ የባቡሩን መንገድ እንዲቆጣጠሩ ተሾሙ፤ በኋላም የድሬ ዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። በዚያ በር ቡናና ቆዳ ሲወጣ፥ የባሕር ማዶ ልብስና ዕቃ ሲገባ በየቀኑ ይታይ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ግን ብዙ ሳይቆዩ በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። በዚህም የሀብት ምንጩ በዕውቀት የተሠራ ሥራ መሆኑን፥ ዕውቀት የሌለውም ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ሌላው በጥቂት ጊዜ ለሠራው ዕቃ እንደሚለውጥ አስረዱ። ከሚያገባው ይልቅ የሚያወጣው የሚበልጥ አገር እያደር በሌላው እጅ ይወድቃል።

አንባቢ ሆይ! አገርን የሚጥል ነገር ቤትንም ይጥላል። በዱቤ ልብስ የገዛ፥ በብድር ሰርግ የደገሰ፥ ለተዝካር አራጣ የተቀበለ ጐልማሳ ገና ያልሠራበትን ወር አስቀድሞ ሸጦታል። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ለአበዳሪው ነው። አበዳሪው ክፉ ሰው በሆነ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ሊናገርበት አይደፍርም፤ በዳኛ ፊት ሊመሰክርበትም ይፈራል። ስለዚህ ዕዳ ኪስን ብቻ ሳይሆን ምላስንም ያስራል።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ደመወዝህ 6000 ብር ነው እንበል። ብሩ ከእጅህ ሳይወጣ ወረቀት ወስደህ ጻፍ፦ ለቤት ኪራይና ለምግብ 3500፥ ለልብስና ለመጽሐፍ 800፥ ለወላጆችና ለችግረኛ 600፥ ለቁጠባ 600፥ ላልታሰበ ነገር 500። ይህ ምሳሌ ነው፤ የአንተን ልክ አንተ ታውቃለህ። ቁጠባውን ግን በወሩ መጨረሻ ከተረፈ ብለህ አታቆየው፤ እንደ ዘር እህል አስቀድመህ ለየው። አባቶቻችን በዕቁብ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የዕቁቡ ብር ከመብላት በፊት ይለያልና። በየማታውም ያወጣኸውን ጻፍ፥ በወሩ መጨረሻም ካሰብኸው ጋራ አስተያየው።

ምናልባት፥ ገቢዬ ጥቂት ነውና የምለየው የለኝም ትል ይሆናል። ነገር ግን መቁጠር ለባለጠጋ ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም። ባለጠጋ መቶ ብር ቢጠፋበት በሌላው ይተካል፤ አንተ ግን መቶ ብር ብትጠፋብህ የሳምንት እንጀራህ ትጎድላለች። ነጋድራስ ገብረ ሕይወትም አገራችን እስክትበለጽግ ድረስ ሒሳቡ ይቆይ አላሉም፤ ሒሳቡ እንዲቀድም ለመኑ እንጂ።

ደግሞም ይህን ምክር ንፉግነት ብለህ አትቁጠረው። ንፉግ ለራሱ ያከማቻል፤ በልክ የሚኖር ሰው ግን ድኻ በደጁ በቆመ ጊዜ የሚሰጠውን አስቀድሞ ለይቶ ያገኛል። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር በምሳሌ አስተምሯል። አንተም ቤት ሳትሠራ፥ ትዳር ሳትይዝ፥ ዛሬ በትንሹ ገንዘብ ተለማመድ። የሚመጣውን ደመወዝህን በተቀበልህ ቀን፥ ወደ ገበያ ከመውጣትህ በፊት፥ ተቀምጠህ ቍጠር።