መምህር ባሲሪ

በዚህ እትማችን የምናነሳው ሰው እንደኛው የሙያ ሰው፣ መምህር ነበር። ስሙ ሙሐመድ ሲዲ ኢብራሂም ባሲሪ ይባላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሲሪ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ታንታን አካባቢ ከሳህራዊ ቤተሰብ ተወለደ። ለትምህርት ካይሮና ደማስቆ ድረስ ሄዷል። ሲመለስም ሞሮኮ ውስጥ ጋዜጣ አቋቁሞ ነበር። ይህን ያህል የተማረ ሰው ከተማ ተቀምጦ ኑሮውን ማደላደል አያቅተውም። እሱ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ስማራ ገብቶ ቁርዓን ማስተማር ያዘ።

ምዕራባዊ ሳህራን ስፔን ከ1884 ጀምራ በቅኝ ትገዛ ነበር። ባሲሪ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሕዝቡን በኅቡዕ አደራጀ። የመረጠው መንገድ ጠመንጃ ሳይሆን ሰላማዊ አቤቱታ ነበር።

ጁን 17 ቀን 1970 ገዥዎቹ ላዩን ከተማ ውስጥ ሕዝቡ ስፔንን ይወዳል የሚያሰኝ ሰልፍ ጠሩ። ሕዝቡ ግን ዘምላ ከሚባለው ሠፈር ተሰብስቦ አቤቱታውን አቀረበ። መልሱ ጥይት ሆነ። ሰዎች ሞቱ፤ ባሲሪም ተያዘ። ከዚያ በኋላ ደብዛው ጠፋ። ስፔኖች ወደ ሞሮኮ አባረነዋል አሉ፤ ሳህራዊያን ግን ገድለውታል ብለው ያምናሉ። መቃብሩ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሰላማዊው በር ሲዘጋ ወጣቶቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ፖሊሳሪዮ ሜይ 10 ቀን 1973 ተመሠረተ። በ1976 ስፔን ስትወጣ አገሩን ሞሮኮና ሞሪታንያ ተካፈሉት፤ ሞሪታንያ በ1979 ለቀቀች። ሳህራዊያን ያወጁት ሪፐብሊክ በ1984 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መቀመጫውን ያዘ፤ ሞሮኮም በዚህ ተቆጥታ ከድርጅቱ ወጣች። በ1991 ተኩስ ቆሞ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል ተብሎ ነበር፤ እስካሁን አልተደረገም። ብዙ ሺህ ስደተኞች አልጄሪያ ውስጥ ቲንዱፍ አጠገብ በመጠለያ ይኖራሉ።

እንግዲህ እኛ ነገ ክፍል ገብተን የአፍሪካን ካርታ እንሰቅላለን። በብዙ ካርታ ላይ ከሞሮኮ በስተደቡብ ያለው ድንበር በቁርጥራጭ መስመር ነው የተሠራው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ለምን ብሎ ቢጠይቀንስ? ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። ሕዝቡ ስለ ገዛ ዕድሉ ገና እንዳልተጠየቀ፣ ይጠየቅ ያለውም አንድ መምህር ወጥቶ እንደቀረ እንንገረው።