ከመድኃኒቱ ወደ መርፌው፦ ዶክተር ጃኔት ትራቬልና የደረቅ መርፌ ሕክምና መነሻ

ደረቅ መርፌ በመባል የሚታወቀው የፊዚዮቴራፒ ዘዴ፣ ምንም መድኃኒት ያልያዘ ቀጭን መርፌ በጡንቻ ውስጥ ወደሚገኝ የጠነከረና ሲነካ የሚያም ነጥብ በማስገባት ሕመምን ለማስታገስ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ይሁንና ዘዴው የቆመበትን ሐሳብ በስፋት ያዳበሩት ሐኪም የታወቁት ባዶ መርፌ በመጠቀም ሳይሆን ማደንዘዣ በመውጋት ነበር። የዶክተር ጃኔት ትራቬል የሥራ ሕይወት፣ አንድ ሕክምና መሥራቱን ማየት ለምን እንደሚሠራ ከማወቅ የተለየ መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ትራቬል እ.ኤ.አ. በ1901 በኒው ዮርክ ከተማ ከሐኪም አባት ተወለዱ። በዌልስሊ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1926 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ በዚያው ተቋምም የመድኃኒት ጥናት ትምህርት አስተማሩ። የመጀመሪያ ምርምራቸው ያተኮረው በልብ መድኃኒቶች ላይ ነበር። ወደ ጡንቻ ያመሩት የልብና የሳንባ ሕሙማን ከዋናው በሽታቸው ባልተናነሰ በትከሻ ሕመም ሲሠቃዩ በማየታቸውና እርሳቸውም የትከሻ ሕመም ስላጋጠማቸው ነው። በጡንቻው ላይ የሚገኝ አንድ ነጥብ ሲጫኑት ሕመሙ ከነጥቡ ርቆ በሌላ የአካል ክፍል እንደሚሰማ አስተዋሉ። ይህን መሰሉ ነጥብ ቀስቃሽ ነጥብ ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1942 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ፕሮካይን የተባለውን ማደንዘዣ በጡንቻ ውስጥ በመውጋት የትከሻና የክንድ ሕመምን ማከም እንደሚቻል አቀረቡ። ለመድኃኒት ተመራማሪ ፈውሱን ከመድኃኒቱ መጠበቅ የሚያስገርም አልነበረም። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ነበረ፦ የአካባቢ ማደንዘዣ ውጤት በሰዓታት የሚያበቃ ከሆነ፣ እፎይታው ከዚያ በላይ የሚቆየው በምን ምክንያት ነው?

ትራቬል ስማቸው የገነነው እ.ኤ.አ. በ1955 የሴናተር ጆን ኤፍ ኬኔዲን የወገብ ሕመም ማከም ሲጀምሩ ነው። ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ትራቬል የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የግል ሐኪም የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቁ። በዚያው ዓመት ግን የፕሮካይን መርፌው መደጋገም በዋይት ሐውስ ሐኪሞች መካከል ቅራኔ ፈጠረ። አድሚራል ጆርጅ በርክሊ የአካል ብቃት ሕክምና ባለሙያውን ሃንስ ክራውስን ጠሩ፤ ክራውስም ጡንቻን በእንቅስቃሴ ማጠንከር እንደሚገባ አጥብቀው ተከራከሩ። የትራቬል ማዕረግ ባይነሳም በፕሬዚዳንቱ ሕክምና ላይ የነበራቸው ሚና ተቀነሰ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ዛሬም ይሠራል፤ ሕመምን ማስታገስ ታካሚው እንዲንቀሳቀስ በር ይከፍታል እንጂ የእንቅስቃሴን ቦታ አይተካም።

ስለ መድኃኒቱ ለተነሣው ጥያቄ ጉልህ ምላሽ የመጣው ከቼኮዝሎቫኪያ ነው። ሐኪሙ ካሬል ሌዊት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት በ241 ሕሙማን ላይ የተገኙ 312 የሕመም ቦታዎችን በባዶ መርፌ ማከማቸውን ገለጹ፤ መርፌው እጅግ የሚያመውን ነጥብ በነካበት ጊዜ በ86.8 በመቶው ፈጣን እፎይታ መታየቱንም አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ቻንግ ዜርን ሆንግ ሁለቱን ዘዴዎች ሲያነጻጽሩ፣ ሊዶካይን የተባለው ማደንዘዣም ሆነ ደረቁ መርፌ ሕመም እንደሚቀንሱ፣ ነገር ግን ከደረቁ መርፌ በኋላ የሚሰማው የመወጋት ሕመም እንደሚበረታ አሳዩ። መድኃኒቱ የሕክምናውን ምቾት የሚጨምር እንጂ የውጤቱ ዋነኛ ምክንያት ላይሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ትራቬል ከዴቪድ ሳይመንስ ጋር ያዘጋጁትን የቀስቃሽ ነጥቦች መመሪያ በሁለት ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1992 አሳትመው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በ95 ዓመታቸው አረፉ። መመሪያው ዛሬም የብዙ ፊዚዮቴራፒስቶች ማጣቀሻ ነው። በአንጻሩ የቀስቃሽ ነጥብ ምንነት እስካሁን ያከራክራል፤ ነጥቡን በእጅ ዳሰሳ ለይቶ በማግኘት ረገድም መርማሪዎች ሁልጊዜ አይስማሙም። በመሆኑም የትራቬል ውርስ ሁለት ገጽታ አለው፦ በአንድ በኩል ቸል ተብሎ የነበረውን ጡንቻ የሕመም መነሻ አድርጎ የመመርመር ልማድ፣ በሌላ በኩል ደግሞ መርፌው ለምን እንደሚያስታግስ በቁጥጥር በተደገፈ ጥናት የማጣራት ያልተቋጨ ሥራ።