ኒኮላይ ቫቪሎቭ፡ ረሃብን ሊያጠፋ ተነሥቶ በረሃብ ያለቀው ዘር ሰብሳቢ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 አንድ ሩሲያዊ ሳይንቲስት በጂቡቲ በኩል ኢትዮጵያ ገባ። አዲስ አበባ ላይ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም በቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን አቀና። ጉዞው እስከ ኤርትራ ዘለቀ። ፍለጋው ግን የወርቅ አልነበረም። በየገበያው ከእህል ጆንያ ፊት እየቆመ፣ በየማሳው ዳር እየወረደ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ኑግ ይሰበስብ ነበር።

ሰውየው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይባላል። በ1887 ሞስኮ ውስጥ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደው ቫቪሎቭ፣ ረሃብ በተደጋጋሚ ሕዝቧን በፈጀባት ሩሲያ አድጎ ግብርናን አጠና። ወደ እንግሊዝ ተሻግሮም ለዘረ መል ሳይንስ መጠሪያውን ከሰጠው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። የረሃብ መድኃኒቱ የተሻለ ዘር ነው ብሎ አመነ፤ ዕድሜውንም ሁሉ ለዚሁ ሰጠ።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንድ ሰብል ለረጅም ዘመን በተዘራበት አካባቢ ዝርያው እጅግ የበዛ ነው፤ በሽታንና ድርቅን የሚቋቋም ባሕርይም የሚገኘው ከዚያ ብዛት መካከል ነው። ከእነዚህ የዓለም ማዕከላት አንዷ ብሎ የቆጠራት ደግሞ ኢትዮጵያን ነበር። በዛላው ላይ ሹል ፂም የማያወጣ የማካሮኒ ስንዴ መኖር አለበት ብሎ ቀድሞ በስሌት ገምቶ ነበር፤ እሱንም በኢትዮጵያ ደጋ አገኘው። በእርግጥ ያንን ስንዴ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ፣ እያደባለቀ፣ በጎተራ እያኖረ ያቆየው ስሙ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ገበሬ ነው።

የዛሬው ባዮቴክኖሎጂ የቆመው በዚሁ ሀብት ላይ ነው። ተመራማሪ በቤተ ሙከራ ዘረ መልን ቆርጦ መቀጠል ይችላል፤ ጠቃሚው ዘረ መል የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ግን ማሳ ላይ የተፈተነ ዝርያ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያጠቃው፣ መከላከያው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነበር። ያንን ገብስ የወሰደው ቫቪሎቭ አይደለም፤ የት መፈለግ እንዳለበት ቀድሞ ያመለከተው ግን እሱ ነው። አዲስ አበባም የራሷን የዘር ባንክ ያቋቋመችው በ1976 ነው።

ሌኒንግራድ የሚገኘው ተቋሙ በ1940 ገደማ ወደ 250,000 የሚጠጉ ናሙናዎች ነበሩት። ዘር ማዳቀል ግን ዓመታትን ይጠይቃል፤ ስታሊን ደግሞ የሚታገሥ ሰው አልነበረም። የዘረ መልን ሳይንስ የሚክደውና ፈጣን ምርት የሚሰብከው ትሮፊም ሊሴንኮ በመሪው ዘንድ ሞገስ አገኘ። ቫቪሎቭ አቋሙን አልለወጠም። ነሐሴ 1940 ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ ዕፅዋት ሲሰበስብ ተያዘ፤ በስለላና ግብርናን በማሰናከል ተከሰሰ፤ በማግስቱ ዓመትም ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ በኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ዝቅ አለ።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። የተቋሙ ባልደረቦች በሩዝ፣ በስንዴና በለውዝ ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው ተራቡ። ለዘር የተቀመጠውን አንበላም ብለው ከመካከላቸው በርካቶች ሞቱ፤ የሩዙ ክፍል ኃላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ አንዱ ነበር። ጀርመኖች በቀረቡ ጊዜ ሞስኮ የነበሩት እስረኞች ወደ ሳራቶቭ ተጋዙ፤ ቫቪሎቭ በወጣትነቱ በፕሮፌሰርነት ያስተማረባት ከተማ ናት። እዚያው እስር ቤት ውስጥ ሰውነቱ በምግብ እጦት መንምኖ ጥር 26 ቀን 1943 ሞተ። ዕድሜው 55 ነበር። ከሌሎች እስረኞች ጋር በጅምላ ተቀበረ።

የምስር ተመራማሪ የነበረችው ባለቤቱ የሌና ባሩሊና ከጦርነቱ ሸሽታ ልጃቸውን ይዛ በዚያችው በሳራቶቭ ትኖር ነበር። ባሏ ሞስኮ ታስሯል ብላ ታምን ስለነበር፣ ከራሷ ጉሮሮ እየቀነሰች የምትቋጥረውን ስንቅ ወደዚያ ትልክ ነበር። እሱ ግን በጥቂት ጎዳናዎች ርቀት ላይ ነበር። ከወንጀሉ ነፃ መሆኑ በይፋ የተነገረው በ1955 ነው።